ሰኔም መጣ አሉ

አያቴ ያለቀሰችውን ሙሾ ሌላ ሰው ቀድሞ አልቅሶት አገኘሁ።

ስድስት ኪሎ ነኝ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። ፊቴ አንድ የቆየ የመመረቂያ ጽሑፍ ተዘርግቷል። በጽሕፈት መኪና የተመታ ነው። የአንዳንዱ ፊደል ሆድ በቀለም ተደፍኗል። ስህተቱን በነጭ ቀለም ሸፍነው በእስክሪብቶ ያረሙበት ቦታ አለ። እኔ ከመወለዴ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ የተሠራ ነው፤ የመንዝን የለቅሶ ግጥሞች ሰብስቦ የሚተነትን። የመጣሁት ለማስተርስ ጥናቴ ክለሳ ድርሳን፣ የቀደሙ ጥናቶችን ለምቃኝበት ክፍል፣ የሚሆነኝን አንድ ሁለት አንቀጽ ቀድቼ ልሄድ ነበር። አባሪውን የማየት ሐሳብ አልነበረኝም። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ሆዴ ይጮኻል። እንዲሁ ገጽ ሳገላብጥ ዓይኔ አረፈባት።

በልግም መጣ አሉ፣ ዝናቡም ጣለልህ፣
ዘርህን ሳትዘራ ምነው አስቸኮለህ።

ቀዝቃዛ ውሃ የቸለሱብኝ ያህል ደነገጥኩ። ይህችን ግጥም አውቃታለሁ። ስልኬ ውስጥ አለች፣ በአያቴ በእምዬ ድምፅ። የጥናቴ ምዕራፍ አራት የቆመው በእሷ ላይ ነው። «አልቃሿ በቦታው የፈጠረችው» ብዬም ጽፌያለሁ፤ ያውም አድምቄ። የእምዬዋ እንዲህ ነው የምትለው፦

ሰኔም መጣ አሉ፣ ዝናቡም ጣለልህ፣
ዘርህን ሳትዘራ ምነው አስቸኮለህ።

አንድ ቃል። ሰኔ እና በልግ። ሌላው ቁርጥ ራሱ ነው።

ረቂቁን ለአማካሪዬ ለማስረከብ አምስት ቀን ቀርቶኛል። ሰኔና ሰኞ ማለት ይሄ ነው።

በ2014 ሰኔ ላይ ገና ማስተርስ አልጀመርኩም ነበር። እምዬን ልጠይቅ ሞጣ አጠገብ ወዳለው ቀዬዋ ሄጄ ነው። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ጎረቤት ለቅሶ ሆነ። አንድ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከገበያ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው። ሬሳው በማግስቱ ወደ ታች ተገኘ። አላገባም፤ በመስከረም ሊያገባ ነበር።

እምዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ተከተልኳት። በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት። ገንዘብ ተቀብላ አይደለም። ለቅሶ ሲሆን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያያት ናት በቃ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይረግዳሉ። መሐል ላይ እሷ ሙሾ ታወርዳለች። ሁለት መስመር ትልና ትተዋለች። ዙሪያው ይቀበላትና ዋይ ዋይ ይላል። በዚያ መሐል ቀጣዩን ታስባለች። ቆይቶ ነው ይሄ የገባኝ። ዋይታው ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ለአልቃሿ ትንፋሽ መውሰጃም ነው።

ስልኬን ነጠላዬ ሥር አድርጌ ቀዳሁ። ማስፈቀድ እንደሚገባ ያኔ አላውቅም ነበር። በኋላ ለእምዬም ለልጁ እናትም ነግሬ አስፈቅጃለሁ። እናቱ «ድምፁን ልስማው» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «ጥሩ አለቀሱለት» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

የተቀዳው አርባ ሰባት ደቂቃ ነው። ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲጻፍ ግጥም ያልሆነው ሁሉ በቅንፍ ይገባል። (ዋይታ)። (ደረት መምታት)። (ሳል)። (ዶሮ)። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ሴት ለስልኩ በጣም ቀርባ ትንሰቀሰቃለች። ማን ናት ብዬ አራት ጊዜ መልሼ አዳመጥኩ። እኔ ነኝ።

ይሄን ነገር በጥናት ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት የሚያውቅ ይንገረኝ። በእኛ አገር የመመረቂያ ጽሑፍ «እኔ» የሚባል ሰው የለም። «አጥኚዋ» ናት ያለችው። አጥኚዋ በቦታው ተገኝታ መረጃ ሰበሰበች። አጥኚዋ ቃለ መጠይቅ አደረገች። አጥኚዋ ከዚህ የሚከተለውን ተረዳች። እሺ፣ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ምን ልበል? (አጥኚዋ አለቀሰች)? ተውኩት። እዚያ ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው ያለው።

ኮምፒውተሬ ላይ ሁለት ፎልደር አለ። አንዱ «ጥናት» ይላል። ሌላው «ዝባዝንኬ»። ዝባዝንኬ ውስጥ ያለው ለማንም የማይቀርብ ነው። ግጥም አለ፣ ረጅምም አጭርም። ጀምሬ የተውኩት መጣጥፍ አለ። አንዱ ስለ ታክሲ ጥቅሶች ነው። አንዱ ስለ «መቼት»፤ «መቼ»ን ከ«የት» አጋብቶ አንድ ቃል ስላደረገው ሰው ብልህነት። ሰው ሲፈጥር እንዲህ ነው እንጂ! አንዱ ሽሮ ሜዳ ተከራይቼ ከምኖርበት ክፍል ጀርባ ስላለው የሸማኔ ድምፅ። ሌሊቱን ሙሉ ቷ-ቷ ሲል ያድራል። ግጥም ስጽፍ ሳላውቀው በእሱ ምት እየሄድኩ ስንት ጊዜ ተይዣለሁ።

ቀን ቀን አጥኚዋ ነኝ፤ ማታ ማታ ዝባዝንኬ። አንድ የክፍሌ ልጅ «ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይከብድም?» ብሎኝ ነበር። የሚከብደውስ መለየቱ ነው። እዚሁ ስድስት ኪሎ በስሙ ሙዚየም የቆመለት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሠዓሊ ነበር፤ ገጣሚም ነበር። ግጥሞቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት ግን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እሱም ዝባዝንኬ የሚል ፎልደር ሳይኖረው አይቀርም እላለሁ ለራሴ። ራሴን ከእሱ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ መጽናኛ ነው።

ከዝባዝንኬ ወጥታ ዓለም ያየች አንዲት ግጥም አለችኝ። ሁለት መስመር ናት። ታሪኳ ከእምዬ ሙሾ ጋር ስለሚገናኝ ልንገራችሁ።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ነው። ከሲኒማ ቤቱ ወረድ ብሎ የአንዲት ጓደኛዬ ቤተሰብ ቤት ነበር። ለአራት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የጠጣሁበት። ከፈረሰ በኋላ አንድ ቀን በልማድ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» አልኩና ወረድኩ። ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነበር። ቆርቆሮ ነው የጠበቀኝ። አጥሩን ትንሽ ሳየው ቆየሁና በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ወ-ራጅ-አ-ለ-ብ-ዬ። ስድስት። ወል ቤት የምንለው የአማርኛ ግጥም እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ስድስት ብሎ ትንፋሽ፣ ስድስት ብሎ ቤት መምታት። እንግዲህ የመጀመሪያዋ ግማሽ ከታክሲ ረዳት ጋር ስንጯጯህ በኖርኩበት አፍ ተሰጠችኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሦስት ቀን ወሰደ። መጀመሪያ ያልኩት «ሰፈሩ ፈርሶ» የሚል ነበር። ቁጥሩም አይሞላ። ቢሞላስ? ፈርሶ ማለት ፈርሶ ነው። ሰም ብቻ። በሁለተኛው ቀን «ሰፈሩ ጠፍቶብኝ» አልኩ። የሰካራም ግጥም መሰለ። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ ደወለችና ስለ አዲሱ ቤታቸው ስታወራ «እኛ ከተነሳን ወዲህ» አለች። ስልኩን ሳልዘጋ ጻፍኳት፦

ወራጅ አለ ብዬ ከታክሲው ላይ ስወርድ፣
ሰፈሩ ተነስቶ ሄዷል ሌላ መንገድ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው «ተነሳ» የሚለውን ማብራራት አያስፈልግም። ቁጭ ያለ ሰው ይነሳል። ሰፈርም ይነሳል፤ ለልማት። ቃሉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የቀበሌ ማስታወቂያ ላይ አለ፣ ስብሰባ ላይ አለ፣ የጓደኛዬ አፍ ላይ አለ። እኔ ያደረግኩት ቦታውን መስጠት ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳት። ሰው ወደዳት። ከዚያ ረሳኋት። ከብዙ ወራት በኋላ ሐዋሳ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። የባጃጅ ጀርባ ነው። በቢጫ ስቲከር እንዲህ ተለጥፏል፦

ወራጅ አለ ብዬ ከባጃጁ ስወርድ፣
ሰፈሩ ተነስቶ ሄዷል ሌላ መንገድ።

ስሜ የለም። የማንም ስም የለም። ከሥር የባጃጁ ባለቤት ይሁን ጸሐፊው «ሰው መሆን» የሚል ጨምሮበታል። ምን ማለት እንደሆነ እሱ ይወቀው።

ደሜ ፈላ። ከ-ባ-ጃ-ጁ-ስ-ወርድ፤ ቁጥሩን ሳያበላሽ ነው የለወጠው፣ ይሄ ነው የባሰ ያናደደኝ። ሲሰርቅ እንኳ ቆጥሮ ነው የሰረቀው! ማታውኑ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ጋሼ ነው የምለው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዋሸራ ቅኔ ገብቶ፣ ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ተነስቶ ሥላሴ የሚባለው ላይ ሲደርስ ትቶ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። ኋላም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ወጣ። ግን አሁንም ሰው ሲያወራ ሰሙን አይደለም የሚያዳምጠው።

«ጋሼ ዘረፉኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ግጥሜን።»

ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅበት «እሰይ» አለ። «እኛ ዘንድ እኮ የሚመሰገነው የዘረፈ ነው።»

ረስቼው ነበር። በቅኔ ቤት ቅኔ አይጻፍም፣ ቅኔ አይደረስም፣ ቅኔ ይዘረፋል። ድንገት ተነስቶ አዲስ ቅኔ የሚያወርድ ሰው «ዘረፈ» ይባላል። ከየት ነው የሚዘረፈው ብዬ ጠየቅኩት። «የዘረፈ አይጠየቅም» አለኝና ቀጠለ። ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ሜዳ ይወጣል። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፤ እሷኑ ለመሙላት ቀኑን ሙሉ የሚማስን አለ። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል። የኔታ ያቀናሉ ወይ ይጥላሉ። ነገ ደግሞ አዲስ።

«የትናንቱን ይዞ ቢሄድስ?»

«የትናንቱ ተበልቷል እኮ።»

«የሌላ ተማሪ ይዞ ቢሄድስ?»

ዝም አለ። ከዚያ «እሱን ውሻ ቢነክሰው ይሻለዋል» አለ። ቆሎ ተማሪ ስለ ውሻ ሲናገር ከልቡ ነው። ቁራፍ ሲለምን የዋለ ሰው ያውቀዋል።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አሰብኩ። በቅኔ ቤት የሌላውን መድገም ነውር ነው፤ ባለቅኔው ሁሌም አዲስ ማምጣት አለበት። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከራስህ ብቻ ብትናገር ማንም አይሰማህም፤ ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ገጽ ስንት። ሁለቱም ቤት ሌባ አይወዱም። ግን አንዱ ቤት ሌባ የሚባለው የደገመ ነው፤ ሌላው ቤት ሲደግም ስም ያልጠራ። ባጃጁ የየትኛው ቤት ሰው ነው? ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ለባጃጁ መልስ የሰጠኝ ያ በጽሕፈት መኪና የተመታ አባሪ ነው፤ ያውም በእኔ ላይ ፈርዶ።

እንደገና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። ምሳ አልበላሁም። አባሪውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ሌላ የማውቀው ግጥም አላገኘሁም። ያቺ አንዷ ብቻ ናት። መንዝ ደጋ ነው፣ የበልግ ገብስ የሚዘራበት አገር። እዚያ ገበሬው ሰማይ ሰማይ የሚያየው በበልግ ነው። ሰኔ ላይ «ዘርህን ሳትዘራ» ቢሉት ምኑም ላይነካው ይችላል። እምዬ አገር ደግሞ በልግ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ሞፈር የሚነሳው፣ ሰው የሚሯሯጠው በሰኔ ነው። ስለዚህ ግጥሟ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስትሄድ የለወጠችው የወቅቱን ስም ብቻ ነው። በል-ግም። ሰ-ኔም። ሁለቱም ሁለት ቁጥር ናቸው። ልክ እንደ ባጃጁ።

ወርቁ ግን ሁለቱም ጋ ያው ነው። ዘር። ሰሙ እህል፣ ወርቁ ልጅ። ሳያገባ፣ ሳይወልድ የሞተ ሰው ላይ የምትወርድ ናት። መንዝም ወጣት ይሞታል።

ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ለማወቅ የሚያስችል ነገር በእጄ የለም። የጽሑፉ ዕድሜ የግጥሟን ዕድሜ አይነግረኝም። እሷ ከሁለቱም በፊት ሌላ ቦታ፣ በሌላ ወቅት ስም ኖራ ይሆናል።

አማካሪዬ ጋ ስሄድ እንደተያዘ ሌባ ነበርኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ሁለቱን ግጥሞች ጎን ለጎን ጽፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ ወረቀቱን አስጠግተው አነበቡ። «ደስ ይላል» አሉ። «ደስ ይላል?» አልኩ፣ አምልጦኝ። «ምዕራፍ አራቴ ወደቀ እኮ፣ ዶክተር።» «አይ፣ አሁን ነው የተነሳው» አሉኝ። «‹የፈጠረችው› የሚለውን አውጪ። ምንጩን ጥቀሺ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይቀርሻል፤ ቃሉ ያው ከሆነ አያትሽ ምን ሠራች?»

ስወጣም እሱን ነው ያሰብኩት። ምን ሠራች?

እዚህ ላይ ስለ መንግሥቱ ለማ አንድ ነገር ልበል፤ በዚያ ሰሞን ሌሊት ሌሊት የማነበው እሱን ነበር። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ግን የአማርኛ ግጥም ቤቶች እንዴት እንደሚቆጠሩ የሚያጠና ጽሑፍ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጣ። እኔ በጣቴ የምቆጥረውን እሱ በጥናት ቆጠረው። የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድቶ፣ ከቴፕ ወደ ወረቀት ገልብጦ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። አለቃ የተናገሩት እንደተናገሩት ነው ያለው፤ ስታነቡት ሽማግሌ ፊት የተቀመጣችሁ ነው የሚመስላችሁ። ያን ያህል ግጥም የሚችል ልጅ ጸጥ ብሎ ቴፕ ይዞ ተቀመጠ። ርዕሱ ላይም ያለው የአባት ስም ነው፦ መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ።

እኔስ የማንን ስም ነው የምጽፈው? እምዬ ጋ ደወልኩ።

ከ2015 ሐምሌ ወዲህ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ እንደ ልብ አይኬድበትም። ሁለተኛውን የመስክ ሥራ በስልክ ነው የጨረስኩት፣ ኔትወርክ ሲኖር። ኔትወርክ ከሌለ ሳምንትም እጠብቃለሁ። የዚያን ቀን በሦስተኛው ሙከራ ገባልኝ። እምዬ ስልክ ላይ ትጮኻለች። ርቀቱን በጉልበት የምትሞላው ይመስላታል።

ደህንነት ተጠያየቅን። ስለ ጥጃዋ ነገረችኝ። ስለ ዘይት ዋጋ ነገረችኝ። ከዚያ እየፈራሁ ጀመርኩ።

«እምዬ፣ ያቺ የሰኔዋ ግጥም አለች አይደል? የዚያ ልጅ ለቅሶ ላይ ያልሻት።»

«አዎን።»

«መንዝም ይሏታል። እኔ ከመወለዴ በፊት ይሏት ነበር። ተጽፎ አገኘሁት።»

ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «እምዬ? እምዬ?» አልኩ።

«ታዲያ እዚያስ ሰው አይሞትም እንዴ?»

ምን ልበላት? ለሁለት ዓመት ያነበብኩት የንድፈ ሐሳብ ክፍል አንድም እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር የለውም። «ይሞታል» አልኳት። «ግን እኔ ያንቺ ናት ብዬ ጽፌ ነበር» ስላት ተቆጣች።

«የእኔ? የእኔማ ምኗ ነው? እኔ ልጅ አልሞተብኝ! የልጁ ናት እንጂ።» ቀጥላም «ለመሆኑ አንች ዝናቡም ጣለልህ ስል ምን መሰለሽ?» አለችኝ።

«ዝናብ ዘነበ… የእርሻው ወቅት ደረሰ።»

«ምን ወሰደው ልጁን?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወንዝ። ሙላት። ዝናብ። አርባ ሰባቱን ደቂቃ ስንት ጊዜ አዳምጬ፣ ዘር የምትለዋን ቃል ሦስት ገጽ ተንትኜ፣ አጠገቧ ያለውን አላየሁትም። «ዝናቡም ጣለልህ» መንዝ ላይ ደግ ዜና ነው፤ ሊያርሰው የሚችለው ዝናብ መጣ ማለት ነው። እዚያ ለቅሶ ላይ ግን ዝናቡ ራሱ ገዳዩ ነበር። ክቡ ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፣ በቦታው ነበርኩ። «ጣለልህ» ስትል ያ ሁሉ ሰው ለምን ድንገት እንደጮኸ ቅጂው ላይ ይሰማል። እኔ በቅንፍ (ከፍ ያለ ዋይታ) ብዬ አልፌዋለሁ። ፊደሏን ሳትነካ ወርቅ የጨመረችበት ቦታ እዚያ ጋ ነው።

ምዕራፍ አራትን በአራት ቀን እንደገና ጻፍኩት። የመንዙን ጠቀስኩ፣ ገጹን ጠቀስኩ። «የፈጠረችው» ወጣ። አጥኚዋ አሁንም አጥኚዋ ናት፣ እሷን ማስወጣት አልተቻለም። ለባጃጁ ጸሐፊም ይቅርታ አደረግኩ፤ ግማሹን። «ሰው መሆን» የሚለውን አሁንም አልረሳሁለትም። ከታክሲ ወደ ባጃጅ ሲለውጣት ግን ሐዋሳ ላይ የሆነ ሰው የሆነ ሰፈር ተነስቶበት ይሆናል። እዚያስ ሰፈር አይነሳም እንዴ?

የቀረኝ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ነበር። አባሪ ሁለት። ሰንጠረዡ የታወቀ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ቀን። አሥራ ሁለት አልቃሾች አሉኝ። የእምዬን ለመሙላት እንደገና ደወልኩ። ዕድሜዋን ስጠይቃት የሆነ የጦርነት ዘመን ጠቅሳ ደምሪው አለችኝ። ሥራ የሚለው ላይ «አልቃሽ ልበል?» ስላት «ማልቀስ ሥራ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ገበሬ በይ አለች። ስም ላይ ስደርስ ግን ሳቋን አቆመች።

«ስሜን ምን ያደርግልሻል?»

«ሕጉ ነው እምዬ። ማን እንዳለው መጻፍ አለበት።»

«እንግዲያ የእሱን ስም ጻፊ። እሱ ባይሞት አልላት።»

መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር። ስሙን ሁለት ጊዜ ነገረችኝ፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ። ሦስተኛውን ልትለው ስትል ጠፋች።

ሰንጠረዡ ለሟች የሚሆን ዓምድ የለውም። በስተቀኝ አንድ ዓምድ ጨመርኩ። ገጹ ጠበበ፣ የሌሎቹን ፊደል ማሳነስ ነበረብኝ። ከላይ «የሟች ስም» ብዬ ጻፍኩና የእሷን ተራ ሞላሁ። አሥራ አንዱ ባዶ ነው። ኔትወርክ ሲኖር በየተራ እየደወልኩ እጠይቃለሁ፤ ያኔ ለማን ነበር ያለቀሱት?